ፈረሱስ ይኸው፤ ሜዳው የታለ?

ከጫግኒ

ኧረ ጎበዝ፣ የዘንድሮ ልጅ የሚከራከርበት ነገር ያስገርማል! ባለፈው ሰሞን አንዲት ወረቀት ላስባዛ እዚሁ ጫግኒ ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። መብራት ገና መምጣቱ ነው። አራት ወጣቶች አንድ ኮምፒዩተር ከበው ይጯጯሃሉ። የእንግሊዝ ኳስ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት የሚባለውን የጦርነት ጨዋታ ነው የያዙት። አንደኛው ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን! ኢትዮጵያን ሲሠሩ ፈረሳችንን ወሰዱብን እኮ!» አይለኝም?

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ጨዋታ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ባላጋራዎቹ በአንድ ጊዜ ያርሳሉ፣ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ወርቅ ያወጣሉ፣ ጦር ያዘምታሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች የሚወክለውን አገር ወይም ሕዝብ መርጦ ይገባል። ኢትዮጵያም በ2015 እ.ኤ.አ. ከማሊ፣ ከበርበሮችና ከፖርቱጋል ጋር ተጨምራለች። ሰዎቿ ሲታዘዙ አቤት የሚሉት በአማርኛ ነው።

የልጆቹ ቅሬታ ምንድን ነው? የአንዳንድ ሌሎች ፈረሰኛ ፓላዲን እስከሚባለው የመጨረሻ ማዕረግ ሲደርስ የኢትዮጵያ ፈረሰኛ እዚያ አይደርስም። ይኼ ለአዊ ልጅ ስድብ ይመስላል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ ሲጋልብ እያየ ላደገ፣ አያቶቹ በፈረስ ዐድዋ መዝመታቸው ሲነገረው ለኖረ ወጣት፣ «የእናንተ ፈረስ እዚህ ድረስ ነው» ሲባል አይከነክነውም?

እኔ ግን የፈረድኩት በልጆቹ ላይ ነው። ለምን ቢባል፣ ሚዛን ማለት ለሁሉም ሁሉን መስጠት አይደለም። በዚህ ጨዋታ ጦረኛ ፈረሰኛን ይመልሳል፤ ቀስተኛ ጦረኛን ከሩቅ ይጥላል፤ ፈረሰኛ ደግሞ ቀስተኛን ደርሶ ይረግጣል። ለኢትዮጵያ ምን ተሰጣት? ቀስተኞቿ ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ። ጦረኞቿ ማዕረግ ሲያድጉ ክፍያ የለም። ዘመን በተሻገረች ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ይታከልላታል። ሾተል የያዘ፣ ብርቱ መትቶ ቶሎ የሚወድቅ የራሷ ተዋጊም አላት። በዚህ ላይ አንደኛ ደረጃ ፈረስ ቢጨመርላትስ? ሌላ ጎራ የሚመርጥ ሰው ይገኛል? ውጊያው ሳይጀመር በምርጫው ያለቀ ድል ምኑ ድል ነው! «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብያቸው ተሳሳቅን።

አንዱ ግን አልተዋጠለትም። «ታዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሰጠው አይሻልም?» አለ። መልሱ ከአባቶቻችን ሰንጠረዥ ይገኛል። በእኛ አገር ሰንጠረዥ የሁለቱ ወገን ጠጠር እኩል ነው፤ ንጉሡም፣ ዝሆኑም፣ ፈረሱም። ነገር ግን ጨዋታው ሲከፈት ወረራ የሚባል ነገር ነበረ። አንደኛው የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደቻለ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። እጁ የፈጠነ፣ ዓይኑ የነቃ ቦታውን ቀድሞ ይይዛል። እንግዲህ ጠጠሩ እኩል ስለሆነ ብቻ ጨዋታው እኩል ነው ማለት አይቻልም ማለት ነው።

ከጠጠሩና ከፈረሱ ሌላ ሜዳ የሚባል ነገር አለ። ይኼን በደንብ የገባቸው ደቡብ ኮሪያዎች ናቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ስታርክራፍት ቴራን፣ ፕሮቶስና ዘርግ የሚባሉ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሦስት ጎራዎች አሉት። ሠሪዎቹ የጎራዎቹን አቅም ለመጨረሻ ጊዜ የነካኩት በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ጎራ ሲያይል ኮሪያዎቹ ምን አደረጉ? ሕጉን ሳይነኩ የጦር ሜዳውን ካርታ ቀየሩት። በሩን አጠበቡት፣ ኮረብታውን አነሡት፣ የማዕድኑን ቦታ አራራቁት። ውድድሩም ቀጠለ። በሌላ አነጋገር፣ የተዛባውን ሚዛን ያቃናው ሜዳው ነው።

አሁን ወደ ጫግኒ እንመለስ። የእኛ ልጅ ሜዳው ምን ይመስላል? እንዲህ ያለው ጨዋታ የሚፈረደው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው። ባላጋራው ከሌላ ከተማ ወይም ከባሕር ማዶ ሆኖ ትእዛዙ ወዲያው ሲደርስለት፣ የእኛው ትእዛዝ መስመር ላይ ቆሞ ይውላል። ያውም መስመር ሲኖር ነው። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን ማን ይረሳዋል? ያን ጊዜ የተዘጋበት ሰው ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ሕመምተኛውም ነው። ጨዋታ ከእነዚህ ሁሉ ትንሹ ነገር ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን በትንሹ ያልተገኘ እኩልነት በትልቁ ከየት ይመጣል?

የውድድር አዘጋጅ ነኝ ለሚል ሁሉ ምክሬ አጭር ነው። አንደኛ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ሁለት ጊዜ ይግጠሙ፤ በሁለተኛው ጎራ ይለዋወጡ። ያን ጊዜ የተሸነፈው ፈረሱ ይሁን ፈረሰኛው ይለያል። ሁለተኛ፣ ተጋጣሚዎቹ አንድ ቤት፣ በአንድ መስመር ላይ ይቀመጡ። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ጫግኒ ተቀምጦ «እኩል ተወዳደሩ» ማለት ቧልት ነው። ሦስተኛ፣ ዳኛው ተጫዋች አይሁን። ራሱ እየተጫወተ ሕግ የሚያወጣ ሰው ሚዛኑን ወዴት እንደሚያጋድል ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያሻኝም።

ልጆቹን የተለየኋቸው መብራቱ እንደገና ድርግም ሲል ነው። ኢትዮጵያ ገና ቤተ መንግሥቷን አልሠራችም ነበር። ባላጋራዋ ሳያሸንፋት ጨለመባት።

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይላል የአገሬ ሰው። ለጫግኒ ልጅ ፈረሱስ ይኸው። ሜዳው የታለ?

ልብ ያለው ልብ ይበል!