መስጂድ ሱለይማን በሚባል ከተማ ስላለ የእንግዶች መቃብር

ልጆች ሆይ፤ በኢራን አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በዛግሮስ ተራሮች ግርጌ፣ መስጂድ ሱለይማን የሚባል ከተማ አለ፤ ትርጓሜውም የሰሎሞን መስጊድ ማለት ነው። በታላላቅ ድንጋይ የተሠራ ጥንታዊ ፍርስራሽ ስላለበት፣ የአገሩ ሰዎች «ይህን ከንጉሥ ሰሎሞን በቀር ማን ሊሠራው ይችላል?» ብለው ስሙን አወጡለት። ሰሎሞን ግን አልሠራውም።

ስፍራው በዓለም የታወቀው ስለ ፍርስራሹ ሳይሆን ስለ ምድር ዘይት ነው። በ1893 ዓ.ም. ዊልያም ኖክስ ዳርሲ የሚባል ባለጸጋ ከፋርስ ንጉሥ ዘይት የመፈለግ ፈቃድ ተቀበለ። የላካቸው ሰዎች ብዙ ዘመን ለፍተው ገንዘቡ ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም. ግንቦት 18 ቀን፣ 360 ሜትር ያህል ከተቆፈረ ጕድጓድ ዘይቱ ወደ ላይ ፈነዳ። በማግሥቱ ዓመት ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የብረት ቧንቧም እስከ አባዳን ተዘረጋ። በደረቁ ኮረብታ ላይ መኖሪያ ቤት፣ መንገድና ሐኪም ቤት ተሠራ። ከእንግሊዝና ከህንድ አገር ሠራተኞች መጡ፤ በዚያ ምድር ከብት ያረቡ ከነበሩት ከባክቲያሪ ሰዎችም ብዙዎቹ ለኩባንያው ሥራ ገቡ።

በሐምሌ ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ ይቀርባል። ኩባንያ ከተማ ሲሠራ የሚያስበው ስለ ጕድጓዱና ስለ ቧንቧው ነው፤ ሰው ግን በሄደበት ሁሉ ይታመማል፣ ይሞታልም። ስለዚህ ከሥራው ስፍራ አጠገብ ለእንግዶች መቃብር ተለየ።

በ1943 ዓ.ም. የኢራን መንግሥት ዘይቱ የሕዝቡ ሀብት ነው ብሎ በሕግ ወሰደው። በ1944 ዓ.ም. መጀመሪያም እንግሊዞች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሄዱ። መቃብሩ ግን በመርከብ አይጫንምና እዚያው ቀረ። ዘመድ ስለሌለ ሣሩን የሚነቅል፣ የወደቀውን ድንጋይ የሚያነሣ ጠፋ።

«ኩባንያው ከአገሩ ሀብት ብዙ ወስዶ ጥቂት ከፈለ፤ ስለ ሙታኑ የአገሩ ሰው ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ስለ ክፍያው የተነሣው ቅሬታ እውነት ነው፤ እኔም አላስተባብለውም። ነገር ግን በመቃብር ውስጥ ያለው ኩባንያው አይደለም። ኩባንያው አልሞተም፤ ስሙን ለውጦ ቢፒ ተብሎ እስከ ዛሬ ይነግዳል። የተቀበረው ደመወዝ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ነው፤ ውሉን የተፈራረሙት ሌሎች ናቸው።

ደግሞም ባክቲያሪዎች ሙታንን ማክበር ከማንም የሚማሩ ሕዝብ አይደሉም። ጀግና ሲሞትባቸው ከድንጋይ አንበሳ ቀርጸው በመቃብሩ ላይ ያቆማሉ፤ በአንዳንዱም አንበሳ ጎን ሰይፍ ወይም ጠመንጃ ይቀረጻል። እንዲህ ያለ ልማድ ባለበት ምድር የእንግዳው ድንጋይ ወድቆ ሲታይ፣ ጥፋቱን በጎረቤት ላይ መጫን አይገባም። የራሱን ሙታን ትቶ የሄደው ነው አስቀድሞ የሚጠየቀው። ያ የመጀመሪያው ጕድጓድ እንኳ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል፤ ለብረትና ለጕድጓድ ጠባቂ ሲገኝ ለሰው መታጣቱ ያስገርመኛል።

እኔ የምለው ትልቅ ሐውልት ይሠራ አይደለም። ሐውልት ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ የሚመረቅበትም ቀን ካለፈ በኋላ ይረሳል። አስቀድሞ ስሙ ይጻፍ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የእንግሊዝን ፊደል፣ ሁለተኛው የፋርስን የሚያነብ፣ መዝገብና ለስላሳ ብሩሽ ይዘው በየድንጋዩ ይዙሩ፤ አፈሩን እየጠረጉ ስሙንና የሞተበትን ዓመት ይገልብጡ። ጽሕፈቱ የጠፋበትንም ድንጋይ ቦታውን ያመልክቱ። ወጪውን ኩባንያው ይክፈል፤ መዝገቡ ግን አንዱ ቅጂ በከተማው ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ወደ ሟቾቹ አገር ይላክ፤ የልጅ ልጅ ጠይቆ ቢመጣ የሚያነበው ያገኛል። ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢጀመር ይሻላል፤ በሐምሌ በዚያ ኮረብታ ላይ ድንጋዩን በእጅ መንካት አይቻልም።