የጓሮው ወይን መነቀሉን እንቃወማለን



እንደሚታወቀው በመጪው እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ፣ በአዳራሹ ጓሮ አጥር ላይ ያለችው የወይን ሐረግ ተነቅላ በቦታዋ «ትክክለኛ ወይን» ይተከል የሚለው አሳብ ነው። አሳቡን ያመጡት ወገኖች ክሳቸው ሦስት ነው። አታፈራም፣ አጥሩን አጎበጠች፣ ፍሬዋም የዱር ነው ይላሉ። እኛ በጽሕፈት ቤቱ ያለን በዚህ አንስማማም። ዝም ብንል የሚነቀለው ሐረጉ ብቻ አይደለም፤ ከማኅበሩ ካዝና የሚወጣው ገንዘብም አብሮ ይቀበራል።

በመጀመሪያ ይህን «ትክክለኛ ወይን» የሚባለውን እንይ። ከሱቅ የምንገዛው፣ ቆዳው ስስ፣ ዘለላው ትልልቅ የሆነው የአውሮፓ ዘር ነው። ጥሩ ነው፣ እኛም እንበላዋለን። ግን እዚህ ጆርጂያ ጓሮው ውስጥ ተክሎ ለፍሬ ያበቃው ማነው? በዚሁ በክላርክስተን ስንቱ ወገናችን ከችግኝ መሸጫ ገዝቶ ተከለና በሁለተኛው በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ ከጠርዙ እሳት እንደ ነካው ሆኖ ደረቀበት! አንዱ ውኃ አነሰው ይላል፣ ሌላው ዓይን ነው ይላል። ኧረ ዓይን አይደለም። የፒርስ በሽታ ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1892 በካሊፎርኒያ ስለ በሽታው ከጻፈው ከኒውተን ፒርስ ነው። ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ዘላይ ነፍሳት ባክቴሪያውን ከተክል ወደ ተክል ታዞራለች። ባክቴሪያው ውኃ ወደ ላይ የሚወጣበትን ቧንቧ ይደፍነውና ተክሉ ሥሩ እርጥብ እያለ በጥም ይሞታል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። በዚህ ላይ የደቡቡ የበጋ ሙቀትና እርጥበት የሚያመጣው ሻጋታ አለ። ታዲያ ይህን ነው ወይ በሕዝብ ገንዘብ ገዝተን የምንተክለው?

የጓሮዋ ወይን መስካዳይን ናት፤ የዚሁ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ። የፒርስን በሽታ ትቋቋማለች፣ ሙቀቱንም ለምዳዋለች። በሰሜን ካሮላይና፣ በሮአኖክ ደሴት፣ «እናት ወይን» የምትባል የዚሁ ወገን ሐረግ አለች። ዕድሜዋ ወደ 400 ዓመት ይጠጋል ይባላል።

አሁን ወደ ክሱ። አታፈራም መባሏ በከፊል እውነት ነው፤ ዘንድሮ በነሐሴ አንድ ጣሳ እንኳ አልሞላም። ግን ምክንያቱን የጠየቀ አለ? እኛ ግንቦት ላይ አበባዋን ፎቶግራፍ አንሥተን ለካውንቲው የእርሻ ምክር ቢሮ አሳየን። ሴት ናት አሉን። መስካዳይን ከሌላው ወይን በዚህ ይለያል፦ አንዳንዱ ዓይነት፣ ለምሳሌ ስከፐርኖንግና ፍራይ የሚባሉት፣ ሴት ብቻ ነው፤ ካርሎስና ኖብል የመሳሰሉት ደግሞ የወንዱንም የሴቱንም ሥራ በአንድ አበባ ይሠራሉ። ሴቲቱ ያለ ጎረቤት አታፈራም። ያችን አንድ ጣሳ የማትሞላውንም ያገኘነው ምናልባት ከጫካ በነፋስና በንብ በመጣ ዱቄት ነው። እንግዲህ መካን አይደለችም፣ ብቻዋን ናት። ካርሎስ ወይም ኖብል ከ15 ሜትር ሳይርቅ ብንተክልላት ነገሩ ያልቃል። አንድ ችግኝ መግዛት ይቀላል ወይስ ያደገውን ነቅሎ እንደ ገና መጀመር?

አጥሩንስ ማን አጎበጠው? አዳራሹን ከተረከብን ጀምሮ መቀስ አልነካትም። መስካዳይን በአንድ በጋ ብዙ ሜትር ትሮጣለች፤ ያልገረዙት ሐረግ የሰንሰለት ሽቦ አጥር ላይ ሲከመር አጥሩ ምን ያድርግ? የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በመድኃኒት የተነከረ፣ 2 ሜትር ከ40 የሆነ ሁለት ወፍራም ቋሚ እንግዛ። 80 ሳንቲ ሜትር ያህሉን እንቅበር፣ በመካከላቸው 6 ሜትር እንተው፣ ቋሚዎቹ ወደ ውስጥ እንዳያዘሙ በድጋፍ እናጽናቸው። ከመሬት በ1 ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ አንድ ጠንካራ ሽቦ እንወጥር። ከሐረጉ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ይመረጣል፤ ሽቦው ጋ ሲደርስ አንዱ ክንድ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሌላው ይቆረጣል። አንዳንዶች ዳስ ይሠራ፣ ጥላም ይሆነናል ብለዋል። ዳስ ያምራል፣ አንክድም። ግን በየዓመቱ አናቱ ላይ ወጥቶ የሚገርዝ ማነው? ሽቦውን እንመርጣለን።

ግርዛቱ በየዓመቱ የካቲት ላይ ነው። ፍሬ የሚመጣው ካለፈው ዓመት እንጨት በሚወጣ አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ካለፈው ዓመት እንጨት ሁለት ወይም ሦስት እምቡጥ ያለው ጉጥ እየተተወ ቀሪው ይወርዳል። ከቁስሉ ውኃ ሲንጠባጠብ አይታችሁ «ወይኗ አለቀሰች፣ ገደሏት» እንዳትሉ። አይጎዳትም። ለአንድ ሁለት ዓመት ፍሬዋ ሊቀንስ እንደሚችል ግን ከወዲሁ እንናገራለን።

የዱር ነው ስለ ተባለው ፍሬ ብዙ አንደክምም። ቆዳው ወፍራም ነው፣ ፍሬውም በዘለላ ሳይሆን በነጠላ ይለቀማል። ጨመቅ አድርጎ ውስጡን መምጠጥ፣ ቆዳውንና ዘሩን መትፋት። ማንጎንስ ከነቆዳው ነው እንዴ የምንበላው? በስብሰባ ላይ «ማኅበሩ መጠጥ ቤት ሊሆን ነው ወይ» ያሉ አባትም ነበሩ። ወይን ስላልን መጠጡን ማለታችን አይደለም፣ አባቴ፤ ፍሬውን ነው። የሚደርሰውም ከነሐሴ ጀምሮ በመሆኑ ለእንቁጣጣሽ በየቤቱ አንዳንድ ሰሐን ማድረስ እንችላለን።

ቁራጭ እየወሰዳችሁ በየቤታችሁ የተከላችሁ ወገኖችም ልብ በሉ፤ ደረቅ የመስካዳይን ቁራጭ ሥር የሚያወጣው ከስንት አንድ ነው። ይልቅ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ከእናቱ ሳይቆረጥ ጎንበስ ተደርጎ አፈር ይልበስ፤ ሥር ሲይዝ ይለያል። ይህንንም ማድረግ የሚቻለው እናቲቱ ቆማ ስትገኝ ነው።

ስለዚህ እሑድ ቀርባችሁ «አትነቀል» ብላችሁ ድምፅ እንድትሰጡ አጥብቀን እንጠይቃለን። ካጸናችሁልን የቋሚና የሽቦው ሥራ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጧት ይጀመራል። መቆፈሪያ ያለው ይዞ ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ