«የመጀመሪያዋ ሴት» ከተባለች በኋላስ?

ጋዜጣና ሬዲዮ «የመጀመሪያዋ ሴት» የምትል ርዕስ ሲወዱ! እኛም ጋዜጠኝነት ስንማር የወደድናት ርዕስ ናት። አጭር ናት፣ ታሪክ አላት፣ ፎቶ አላት። ችግሯ አንድ ነው፤ ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ምን እንደሆነ ተመልሶ የሚጠይቅ የለም። እኛ ደግሞ ዋናው ወሬ ያለው እዚያ ነው ባዮች ነን። ለምስክርነት የምንጠራት አንዲት አሜሪካዊት የኦርኬስትራ ፍሉት ተጫዋች አለች፤ ዶሪዮት አንቶኒ ድዋየር ትባላለች።

በቅድሚያ ስለ ፍሉት ሁለት ቃል። ፍሉት የዋሽንት ዘመድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከብረት ይሠራል፣ ወደ ጎን ተይዞም ይነፋል። እንደ ዋሽንት ሁሉ ድምፁ የሚወለደው ጠርዝ ላይ ከሚሰነጠቅ ትንፋሽ ነው። ወደ መቶ ሰው በሚቀመጥበት ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ፍሉት የያዙት ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው። ከእነሱም «ዋና» የሚባለው አንድ ብቻ ነው። ለብቻ ጎልቶ የሚሰማውን ዜማ የሚጫወተው እሱ፣ ክፍሉን የሚመራውም እሱ። ይህ ቦታ በየዓመቱ አይለቀቅም። አንድ ሰው ከያዘው ዕድሜ ልኩን ሊይዘው ይችላል።

ዶሪዮት የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1922 ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ስትሪተር በምትባል ከተማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። እናቷ ራሷ ፍሉት ተጫዋች ነበረች፤ የመጀመሪያ መምህሯም እሷው ናት። ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል የኖረችው ሱዛን ቢ. አንቶኒም ዘመዷ ናት። ዶሪዮት በ1943 ኢስትማን ከተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመረቀች። ከዚያ ዋሽንግተን በሚገኘው ናሽናል ሲምፎኒ ሁለተኛ ፍሉት ሆነች። ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ገባች፤ እዚያም ሁለተኛ ፍሉት። «ሁለተኛ» የምትለዋን ቃል ያዙልን።

በ1952 የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዋና ፍሉት ተጫዋች ጆርጅ ሎሬንት ከ34 ዓመት አገልግሎት በኋላ ቦታውን ለቀቀ። ኦርኬስትራው የተቋቋመው በ1881 ነው። በእነዚያ 71 ዓመታት ውስጥ አንዲትም ሴት የመሣሪያ ክፍል ዋና ተጫዋች ሆና አታውቅም። ዶሪዮት አመለከተች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። የኦርኬስትራው መሪ ቻርልስ ሙንሽም ወንበሩን ሰጣት።

አሁን የኛን ሙያ እንመልከት። በጊዜው ይህን ዜና ካወጡት ርዕሶች አንዱ፣ ሴት ኦርኬስትራውን ጥሳ ገባች፣ የታዋቂው ሰው ቦታ ላይ ስትቀመጥም ቅንድቦች ተነሡ የሚል መንፈስ ነበረው። ልብ በሉ፤ ወንድ ሲቀጠር «ተቀጠረ» ነው የሚባለው። ተፈትና ያለፈች ሴት ግን «ጥሳ ገባች»! አንዲት ግስ ብቻዋን ባለሙያዋን ሰርጎ ገብ አደረገቻት።

ሰርጎ ገቧ ታዲያ 38 ዓመት ተቀመጠች። በ1964 የኦርኬስትራው ዋና ዋና ተጫዋቾች አነስተኛ የሙዚቃ ቡድን ሲያቋቁሙ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በ1990 ስትሰናበት ኤለን ታፍ ዝዊሊክ የፍሉት ኮንቸርቶ ደርሳላታለች። ደራሲዋም በሙዚቃ ድርሰት የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘች «የመጀመሪያዋ ሴት» ናት (ይቺ ርዕስ አትለቀንም)። ዶሪዮት ያረፈችው በማርች 2020፣ በ98 ዓመቷ ነው።

እኛን የማረከን ግን ሌላው ሥራዋ ነው፤ ማስተማሯ። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ፣ በኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪና በታንግልውድ ለብዙ ዓመታት አስተምራለች። ይህን «ትርፍ ሥራ» የሚል ሰው የሙዚቃ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ አያውቅም። ፍሉት ከመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። አንድ መምህር፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ክፍል። ከንፈር ትንሽ ሲዞር ድምፁ ይለወጣል፤ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ፣ የት እንደሚቆጠብ ጆሮ ያለው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚያርመው። በዚያ ላይ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው መምህር ነው፤ የትኛው ኦርኬስትራ ቦታ እንደለቀቀ የሚያወራውም መምህር ነው። ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው። እጆቹ ሁሉ የወንድ በነበሩበት ዘመን ወንበሮቹም የወንድ ቢሆኑ ምን ይገርማል? ዶሪዮት ከእናቷ የተቀበለችውን ይዛ ከላይ ተቀመጠች፤ ተቀምጣም አስተማረች። ወንበሩ የአንድ ሰው ነው፤ ትምህርቱ ግን ይባዛል።

«በቃ ተሳካ፣ ቀሪውን ጊዜ ይፈታዋል» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እስቲ ቁጥር እንቁጠር። በአሜሪካ አምስቱ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች በ1970 ከተጫዋቾቹ ሴቶቹ ከመቶ አምስት አይሞሉም ነበር። ይህ ዶሪዮት ከገባች ከ18 ዓመት በኋላ ነው! በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ከመቶ 25 ደረሱ። በመካከሉ ከተለወጡት ነገሮች አንዱ ፈተናው ነው፤ ተፈታኙ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይጫወታል፣ ዳኞቹ ድምፅ ብቻ ይሰማሉ። የተረከዝ ኮቴ ሴትነትን እንዳያሳብቅ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ያነጠፉም ነበሩ። የመጋረጃው ድርሻ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ አጥኚዎች ይከራከራሉ። ጊዜ ብቻውን እንዳልሠራው ግን ግልጽ ነው፤ ሰዎች አስበው አሠራር ለወጡ።

አሠራሩ ከተለወጠ በኋላስ? በ2004 ኤልዛቤት ሮው የተባለች ተጫዋች በዚያው ኦርኬስትራ፣ በዚያው የዋና ፍሉት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በጁላይ 2018 የማሳቹሴትስ ግዛት የእኩል ክፍያ ሕግ ሥራ ላይ እንደዋለ ኦርኬስትራውን ከሰሰች። ክሱ እንደሚለው፣ አጠገቧ ከሚቀመጠው ወንድ የኦቦ ዋና ተጫዋች በዓመት ወደ 70,000 ዶላር ያህል ያነሰ ይከፈላት ነበር። ኦርኬስትራው ፍሉትና ኦቦ አይወዳደሩም ሲል ተከራከረ። የሚገርመው፣ ባለኦቦው ራሱ ለችሎታዋ መሰከረላት። ጉዳዩ በ2019 መጀመሪያ በስምምነት ተዘጋ።

ከ1952 እስከ 2018 ድረስ 66 ዓመት ነው። ወንበሩ ተገኘ፤ በወንበሩ ላይ ያለው ደሞዝ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ትግል ሆነ። «ሁለተኛ» የምትለዋን ቃል ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው። ከወንበሩ ስትነሣ ደሞዙ ውስጥ ገብታ ልትደበቅ ትችላለች።

ስለዚህ «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚል ርዕስ ስናነብ አጨብጭበን አንለፈው። ሦስት ጥያቄ እንጨምርበት። ማን አስተማራት? እሷስ ማንን እያስተማረች ነው? ጎኗ ከተቀመጠው ሰው ጋር ሲነጻጸር ስንት ይከፈላታል? ርዕሱን የምንጽፈው እኛ ከሆንን ደግሞ አራተኛ ግዴታ አለብን፤ ካሜራው ከሄደ ከዓመት በኋላ ተመልሰን እንጠይቅ። የመጀመሪያዋን ማክበር ማለት አሥረኛዋን ዜና የማትሆን ማድረግ ነው።

ቸር እንሰንብት!