ክፍት መደብ፣ ዝግ በር፦ በወላይታ የመንግሥት ቅጥር ፍትሕን የት እንጠይቅ?

በወላይታ ሶዶ ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሰው አይጠፋም። የትምህርት ማስረጃቸውን በማህደር የያዙ ወጣቶች ቆመው ያነባሉ፣ ቀን ይጽፋሉ፣ ይመዘገባሉ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይቀራል። መደቡ ለምን ሳይሞላ ቀረ? የተሞላው ደግሞ በምን መስፈርት ተሞላ? ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ የቅጥር ውሳኔ ምክንያቱ በጽሑፍ ለአመልካቹ አለመድረሱ ነው።

መጀመሪያ ባዶ ስለሚቀሩት መደቦች እንይ። የወላይታ ዞን በቅርብ ዓመታት ትልቅ የመዋቅር ለውጥ አልፏል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ በወላይታ ዞን ድምፅ አሰጣጡ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም በድጋሚ ተደረገ። በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ወላይታ ሶዶም የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። የክልሉ ቢሮዎች በስድስት ከተሞች ማለትም በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በጂንካ፣ በሳውላና በካራት ተከፋፈሉ። ከቀድሞው ክልል የመጡ ሠራተኞችም በአዲሱ መዋቅር ተደለደሉ።

አዲስ መዋቅር ብዙ አዲስ መደብ ይፈጥራል። ነገር ግን በመዋቅር ላይ የተጻፈ መደብና በጀት የተያዘለት መደብ አንድ አይደሉም። በዚያው ሰሞን በዞኑ የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ መዘግየቱ በተደጋጋሚ ሲዘገብ ነበር። ላለው ሠራተኛ ደመወዝ በወቅቱ መክፈል ያቃተው ወረዳ በወረቀት ላይ ያለውን ክፍት መደብ ሁሉ ሊሞላ አይችልም። ስለዚህ ያልተሞላ መደብ ሁሉ የአድልዎ ማስረጃ አይደለም። ይህን በሐቅ መናገር ይገባናል። ሆኖም በጀት ከሌለ የሌለ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት። ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ፈትኖ፣ ከዚያ ዝም ማለት ሥራ ፈላጊውን ከማንከራተቱም በላይ ለአሉባልታ በር ይከፍታል።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውንና ሃይማኖት የልዩነት ምክንያት እንደማይሆን ደንግጓል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 37 ደግሞ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ወዳለው አካል የማቅረብ መብት ይሰጣል። አገራችን በሥራና በሙያ የሚደረግ ልዩነትን የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ካጸደቀች ቆይታለች። ለዓመታት ሲሠራበት የነበረው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግን ከልክሎ፣ ክፍት መደብ የሚሞላው ከተወዳዳሪዎች በልጦ በተገኘው መሆኑን ደንግጎ ነበር። በአንቀጽ 52 መሠረት ክልሎች የራሳቸውን የሠራተኞች ሕግ ያወጣሉ፤ ለሥራው የሚጠየቀው ትምህርትና ልምድ ግን ከአገር አቀፉ መለኪያ ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት።

በጽሑፍ ደረጃ መብቱ አለ ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲጠየቅ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሂጃብ የለበሰች የጤና ምሩቅ በጽሑፍ ፈተና ጥሩ ውጤት አመጣች እንበል። በቃለ መጠይቅ ግን ወደቀች ተባለች። የወደቀችው በዕውቀቷ ነው ወይስ በአለባበሷ? ቃለ መጠይቁ ነጥብ በነጥብ ካልተመዘገበ እሷም አታውቅም፣ ዳኛውም አያውቅም። ሌላም ችግር አለ። የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት በዋነኛነት የቆመው ተቀጥሮ ለሚሠራው ነው፤ ሥራ ለመቀጠር የተወዳደረ ሰው ደግሞ ገና ሠራተኛ አይደለም። የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም የተዘጋጀው ለፌዴራል ተቋማት እንጂ ለዞንና ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች አይደለም። ስለዚህ የአንድ ወረዳ ተወዳዳሪ መጀመሪያ የሚታገለው ከአድልዎው ጋር ሳይሆን አቤቱታውን የሚሰማ በር ከመፈለግ ጋር ነው።

ይህ ጥያቄ ለሙስሊሙ አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አባቶቻችንና እናቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በመንግሥት ሥራ በእኩልነት መሳተፍ ነበር። ዛሬ በወላይታ ሙስሊሙ ቁጥሩ አነስተኛ ነው። አነስተኛ የሆነ ማኅበረሰብ ዘመድና ትውውቅ በሚሠራበት ቅጥር ቀድሞ ይጎዳል። ግን ብቻውን አይጎዳም፤ ዘመድ የሌለው የገበሬ ልጅ፣ አካል ጉዳተኛው፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣችው ልጅ ሁሉ አብረው ይጎዳሉ። ስለዚህ ጥያቄያችን ለእኛ ኮታ ይሰጠን የሚል ሳይሆን ለሁሉም ሚዛኑ ይታይ የሚል ሊሆን ይገባል።

ዲናችንም ያስተማረን ይህንኑ ነው። በሱረቱል ቀሰስ በተነገረው ታሪክ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) በመድየን ለሥራ የተመረጡት በሁለት መስፈርት ነው፤ በብቃትና በታማኝነት። ዘር አልተጠየቀም፣ ትውውቅም አልተቆጠረም። ሹመትና ቅጥር አማና ነው። በፈታኝነት ወይም በሰው ሀብት ክፍል የተቀመጠ ሙስሊም ወንድማችን ለሙስሊም ቢያዳላም ያው አማናን መብላት ነው።

መፍትሔው ከባድ ገንዘብ አይጠይቅም። በጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ በአንድ የመንግሥት ተቋም ውስጥ የአንድ ብሔረሰብ ሠራተኞች ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጡ ይከለክላል። ያንን ቀመር እዚህ መገልበጥ አይጠበቅብንም። የምንወስደው ትምህርት ግን አለ፤ ፍትሐዊነት የሚረጋገጠው ሲቆጠርና ለሕዝብ ሲገለጽ ነው። ክልሉና ዞኑ ሦስት ነገር ቢያደርጉ ብዙ ይለወጣል። አንደኛ፣ በጀት ያልተያዘለት መደብ በማስታወቂያ አይውጣ። ሁለተኛ፣ የጽሑፍና የቃል ፈተና ውጤት ተለይቶ በሰሌዳ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ ያላለፈ ተወዳዳሪ ምክንያቱን በጽሑፍ ያግኝ፤ አቤት የሚልበትም አካል ይታወቅ።

ለሥራ ፈላጊ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ምክር አለን። የማስታወቂያውን ፎቶ አንሱ። የምዝገባችሁን ቁጥርና ቀን ያዙ። ቅሬታችሁን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አስገቡ፤ በአንዱ ግልባጭ ላይም የተቀበለውን ክፍል ማኅተምና ቀን አስደርጉ። መሥሪያ ቤቱ መልስ ከነሳችሁ ወደ በላይ አካል፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና ወደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መሄድ ይቻላል። የሕግ ባለሙያ የሆናችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ከጁምዓ በኋላ አንድ ሰዓት ሰጥታችሁ የእነዚህን ልጆች ማመልከቻ ብታዩላቸው ትልቅ ሰደቃ ነው። ተበደልኩ ማለት ብቻውን ፍርድ አያሰጥም፤ ማኅተም ያለው ወረቀት ግን በየትኛውም ችሎት ይናገራል። አላህ ሐቅን ለባለሐቁ ያድርስ።