ባለ 150 ዲናሩ የፑል ዘንግ ለማን ይበጃል?

ሰሞኑን ሳልዋ በምንኖር ተማሪዎች መካከል አንድ ክርክር ተነሥቷል። ነገሩ ተራ የጨዋታ ጉዳይ ቢመስልም የገንዘብ ጥያቄ ስላለበት በዚህ ገጽ ላይ መወያየቱ ተገቢ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ፑል የምንጫወት ሰዎች የእንጨቱን ስቴካ ዘንግ በካርቦን ፋይበር መለወጥ አለብን ወይስ የለብንም?

በቅድሚያ ሐቁን ከወሬው እንለይ። ፕሬዴተር የተባለው ኩባንያ ሬቮ የሚለውን የካርቦን ዘንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያወጣ ዋጋው 500 የአሜሪካ ዶላር ገደማ፣ ማለትም ወደ 150 የኩዌት ዲናር ነበር። ኪውቴክም ሲነርጂ የተሰኘውን አስከተለ። ዛሬ ከ200 ዶላር በታች የሚሸጡ የቻይና ሥራዎችም አሉ።

ጥቅሙስ? ነጯ ኳስ ከመሐል ወጣ ተደርጋ ጎኗን ስትመታ ከታለመላት መስመር ታፈነግጣለች። የማፈንገጧን መጠን በዋናነት የሚወስነው የዘንጉ የፊት ጫፍ ክብደት ነው። የካርቦኑ ዘንግ ውስጡ ክፍትና ጫፉ ቀላል በመሆኑ ኳሷ የምታፈነግጠው በጥቂቱ ነው። በተጨማሪም በእርጥበት አይጎብጥም፣ በቀላሉ አይሰረጎድም፣ በጨርቅ ተወልውሎ ይጸዳል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 በሚትሪባህ 53.9 ዲግሪ በተመዘገበበት አገር፣ ከውጪው ሐሩር ወደ ቀዘቀዘ አዳራሽ ለሚመላለስ ስቴካ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሻጮች የሚያወሩት ግን ከዚህ ያልፋል። «ካርቦን ለኳሷ የበለጠ ሽክርክሪት ይሰጣል» ይሉናል። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምሕንድስና ያስተማሩት ዴቪድ አልሲያቶሬ ጉዳዩን በሙከራ መርምረው ይህን አባባል አልተቀበሉትም። የስቴካው ጫፍ ኳሷን የሚነካው ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሽክርክሪቱን የሚወስኑት ከመሐል ምን ያህል ርቀን እንደመታን፣ የምቱ ፍጥነትና ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ሳትንሸራተት መያዟ ናቸው። ማፈንገጥን የሚቀንስ ዘንግም ቢሆን ካርቦን ብቻ አይደለም፤ ጫፋቸው እንዲቀል ተደርገው የተሠሩ የእንጨት ዘንጎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በገበያ አሉ፤ ዋጋቸውም ያነሰ ነው።

ኤፍሬን ሬየስ እ.ኤ.አ. በ1999 በካርዲፍ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በእንጨት ስቴካ ነው። ሼን ቫን ቦኒንግ በ2022 ያሸነፈው በካርቦን ነው። ሁለቱንም ለዚያ ያበቃቸው የብዙ ዓመት ልምምድ ነው።

«ገንዘቡ የራሴ ነው፣ ምን አገባችሁ?» የሚል ወንድም ይኖራል። ሠርቶ ያገኘው ከሆነ መብቱ ነው። ነገር ግን ከእኛ መካከል በእህቱ ላብ የሚማር ጥቂት አይደለም። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2016 ለቤት ሠራተኞች የወሰነችው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 60 ዲናር ነው። ስለዚህ አንድ ባለ 150 ዲናር ዘንግ የአንዲት እህት የሁለት ወር ተኩል ድካም ነው! ይህን ያላገናዘበ ግዢ በስፖርት ስም ሊሸፈን አይገባውም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እናሳስባለን፦

አንደኛ፣ ጀማሪ ተጫዋች ያለውን የእንጨት ስቴካ ይያዝ። የጫፉን ቆዳ በጥሩ ይተካ፣ ስቴካውን በበጋ መኪና ውስጥ አይተው፣ የቀረውን ጊዜ ለልምምድ ያውለው።

ሁለተኛ፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚጫወትና ከራሱ ገቢ የሚከፍል ቢገዛ አይወቀስም። ሆኖም የዘንጉ ብሎን ከስቴካው እጀታ ጋር መግጠሙን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ካልገጠመ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ካርቦን መሞከር የምንሻ ሁላችንም አዋጥተን አንድ ዘንግ በጋራ እንግዛ። አሥር ሰው 15 ዲናር ቢያዋጣ ውዱንም ይገዛል፤ ርካሹንማ ከዚያ ባነሰ። በተራ እየመታንበት ልዩነቱን በዓይናችን እንየው።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ ጻፉልን፤ እንከራከርበት!