ቻይናን ተውዋትና ወለሉን እዩት

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ የታወቀ ድምፅ አለ። ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ሳሎን ውስጥ «ቋ!» ይላል። ሌባ የገባ መስሏችሁ መብራት ስታበሩ ሌባ የለም። ሁለት ሴራሚኮች ግንባር ለግንባር ተጋጥመው እንደ ድንኳን ቀና ብለዋል። በማግስቱ ጎረቤት ተሰብስቦ ፍርድ ይሰጣል፤ ፍርዱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የቻይና ዕቃ ምን ይደረጋል!»

እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም፤ ይግባኝ ብለናል። ጥፋቱ የሴራሚኩ ቢሆን ኖሮ በእግራችን ሥር ይሰበር ነበር እንጂ ሳይሰነጠቅ እንዳለ ተነቅሎ አይነሣም። የተነሣውን ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ከካርቶኑ እንደወጣ ንጹሕ ነው፤ የያዘው ነገር አልነበረም ማለት ነው። አንዳንዱ ጀርባ ላይ ደግሞ አምስት የደረቁ የሲሚንቶ ጉብታዎች ታገኛላችሁ፤ አራቱ በየጥጉ፣ አንዱ መሐል። የቀረው አየር ነው። አየሩን ደግሞ ከቻይና አላስመጣነውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከቁልፍ ርክክቡ ነው። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ከተሞከረበት ጊዜ አንሥቶ አብዛኛው የኮንዶሚኒየም ቤት ለባለ ዕድሉ የሚሰጠው ውስጡ ሳያልቅ ነው። ዋጋው እንዲቀንስ፣ ቀሪውን ሰው እንደ አቅሙ እንዲጨርሰው ታስቦ ነው፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ውጤቱ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ አስተማሪዎች፣ ነርሶችና የባንክ ሠራተኞች ለአንድ ወር ያህል ኮንትራክተር ሆኑ። ፎርማን የለም፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ የለም፣ የተጻፈ ውል የለም። ያለው ዕቁብ፣ ከዘመድ የተለቀመ ብድርና ከጎረቤት የተገኘ የሴራሚክ ሠሪ ስልክ ቁጥር ነው።

ባለቤትና ሠራተኛ ሲገናኙ ደግሞ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «በካሬ ስንት?» ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል። «ወንድሜ፣ የታችኛው ቤት እኮ ከዚህ ባነሰ ነው የተሠራው!» ሠራተኛው ትንሽ ያንገራግርና ይቀንሳል። በዚያች ደቂቃ ወለሉ ተበላሽቷል፤ የቀረው መንጠፉ ነው።

ለምን ብትሉ፣ የሚከፈልበት የተነጠፈው ካሬ ብቻ ስለሆነ ነው። አቧራ ጠርጎ ማጠብ፣ የፈሰሰ ቀለምና ጄሶ መፋቅ፣ ውኃ ልክ እያስቀመጡ ጎድጓዳውን መሙላት፣ የሞሉት እስኪደርቅ መጠበቅ፤ እነዚህ ሁሉ በካሬ አይቆጠሩም። ሁለት ቀን ሙሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለል ሲፍቅ የዋለ ሰው ኪሱ የሚገባው ዜሮ ነው። ምሳውን ግን በልቷል፣ የታክሲ ከፍሏል፣ ለረዳቱም የቀን ሒሳብ አለበት። ታዲያ ማን ይፍቅ?

ሊሾውን እንውሰድ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «ለስላሳ» ማለት ነው። ለስላሳ ነገር ላይ ሲሚንቶ ጥርሱን የሚተክልበት ቦታ አያገኝም፤ ስለዚህ ሊሾው በመሮ እየተነካካ መሻከር አለበት። አቧራው ካልተጠረገ ደግሞ ሲሚንቱ የሚይዘው አቧራውን ነው፤ አቧራው ምንም አልያዘም። ደረቅ ወለል ላይ ሲሚንቶ ከተበጠበጠ ወለሉ ውኃውን ይመጠውና ሲሚንቱ ሳይጠነክር ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ይህን ማንኛውም ግንበኛ ያውቀዋል። ያውቀዋል፤ ግን አልተከፈለበትም።

አምስቱ ጉብታዎችም የመጡት ከዚሁ ነው። ደህና ወለል ማለት የ2 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም ብረት ስታስቀምጡበት ከሥሩ የሚታየው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነው። ወለሉ ጎርበጥባጣ ከሆነ በቅድሚያ መስተካከል ይኖርበታል። ያን ላለማድረግ አቋራጭ አለ፦ ጉብታ ጉብታ አድርጎ ሲሚንቶ ማስቀመጥና ሴራሚኩን በመዶሻ እያንኳኩ ከጎረቤቱ ጋር ማስተካከል። ከላይ ሲታይ መስታወት ነው። ከታች ዋሻ ነው። አልጋ ሲገፋ፣ የፍሪጅ እግር ሲያርፍበት ወይም ሕፃን ሙቀጫ ሲጥልበት ይሰነጠቃል። በአሜሪካ መመዘኛ ደረቅ ክፍል ውስጥ ማጣበቂያው የሴራሚኩን ጀርባ ቢያንስ 80 በመቶ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ 95 በመቶ መንካት አለበት። አምስት ጉብታ ግማሹን እንኳ ቢነካ ተአምር ነው።

ዘመኑ ያመጣው ሌላም ነገር አለ። አሁን ሁሉም ሰው የሚፈልገው ስልሳ በስልሳ የሆነ የሚያብረቀርቅ ፖርሲሊን ነው። የድሮው የግድግዳ ሴራሚክ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውኃ ይጠጣል፤ በርሜል ውስጥ ተነክሮ በሲሚንቶ ሲለጠፍ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ፖርሲሊን የሚጠጣው ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። በርሜል ውስጥ ቢያድርም ያው ነው። ስለዚህ ተራ የሲሚንቶ ብጥብጥ ጀርባው ላይ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል። ከረጢቱ ላይ «ሲ2» የሚል ምልክት ያለው ከ«ሲ1» እጥፍ የመያዝ አቅም እንዲኖረው የተመደበ ነው። የሚቀባውም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ባለው ብረት ወለሉን ሙሉ አዳርሶ ነው፤ ቀብተው ሻይ ሊጠጡ ከሄዱ ግን ላዩ ቆዳ ያወጣና አይዝም። ለሴራሚኩ ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ በማጣበቂያው የሚቆጥብ ሰው፣ ሙሉ ልብስ ገዝቶ በክር የሚከራከረውን ያስታውሰናል።

ወደ ድንኳኑ እንመለስ። አዲስ የሲሚንቶ ወለል ሲደርቅ በሜትር ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸበሸባል። አምስት ሜትር ሳሎን ውስጥ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ሴራሚኩ አብሮ አይሸበሸብም። ግድግዳውን ነክቶ ከተነጠፈ፣ እርስ በርሱም ያለ ክፍተት ከተጋጠመ መሄጃ የለውም፤ መሄጃው ወደ ላይ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ከ6 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ክፍተት ቢተው ኖሮ ይድን ነበር፤ ዞኮሎው ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም። ችግሩ ግን ባለቤቶች ክፍተት ሲያዩ «ጨረሰው እንዴ? ሙላው እንጂ!» እያሉ በሲሚንቶ ያስደፍናሉ።

ስለ መታጠቢያ ቤት ብዙ አንልም። ከታችኛው ቤት እትዬ ጋር በጣራ ጠብታ የተጣላ ሁሉ ያውቀዋል። ሴራሚክ ውኃ አያግድም፤ የሚያግደው ከሥሩ መቀባት የነበረበት ነው።

«ሠራተኞቻችን ሰነፎች ናቸው» የሚለውን ግን አንቀበልም። አብዛኞቹ የእኛ እኩዮች ናቸው፤ ሙያውን የተማሩት ሲሚንቶ እየተሸከሙ፣ አለቃቸውን እያዩ ነው። አለቃቸውም የሚከፈለው በካሬ ነበር። ስንፍና ብንል እንኳ ስንፍናውን የምንገዛው እኛው ነን፤ ያውም ቅናሽ እየጠየቅን። ደላላው «ፊኒሺንጉ ያለቀለት» እያለ ሲያስጎበኝ ከወለሉ በታች ያለውን የሚጠይቅ ተከራይም ሆነ ገዥ አላየንም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የወለል ዝግጅት ከካሬው ሒሳብ ይውጣ። በቀን ይከፈል፤ ሲያልቅም ከመነጠፉ በፊት ባለቤቱ ራሱ በባዶ እግሩ ይሂድበት፣ ጣውላውን ያስቀምጥበት። ለዚህ ገንዘብ የለኝም የሚል ካለ፣ ሴራሚኩን ዘንድሮ ይተወው። የፕላስቲክ ምንጣፍ በሊሾ ላይ አንጥፎ ሁለት ዓመት መኖር አያሳፍርም። አውቀን ነው ይህን የምንለው፤ ሰርግ ለደረሰበት ሰው ደስ የሚል ምክር አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ሳንቲም ይዛችሁ እያንዳንዱን ሴራሚክ መሐሉንም ጥጉንም አንኳኩት። ድፍኑና ባዶው በድምፅ ይለያያሉ፤ ጆሮ በአሥር ደቂቃ ይለምደዋል። ባዶ የሚጮኸው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ቀድሞውኑ የተነሣባችሁ ደግሞ መልሳችሁ በሲሚንቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ከግድግዳው አጠገብ አንዱን ዞኮሎ አንሡ። ሴራሚኩ ግድግዳውን ነክቶ ከሆነ መጀመሪያ ዙሪያውን አስቆርጡት፤ አለበለዚያ አዲስ የምትለጥፉትም የሚነሣው በዚያው ቦታ ነው።