የባትማን ቀጣይ ክፉ መሬት የሚገዛው ሰውዬ ይሁን

ማት ሪቭስ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው «ዘ ባትማን» ሁለተኛ ክፍሉ ገና ሳይታይ፣ እዚህ መሪ ያሉ ጓደኞቼ ክፉውን ገጸ ባሕርይ መርጠው ጨርሰዋል። ግማሹ «ጆከር ይመለስ» ይላል። ግማሹ ደግሞ ሦስት አራቱ ባንዴ ይግቡልን ባይ ነው። በሁለቱም አልስማማም።

ማብዛቱ አይጠቅምም። በ1997 የወጣው «ባትማን ኤንድ ሮቢን» ሚስተር ፍሪዝን፣ ፖይዝን አይቪንና ቤንን አንድ ላይ አጨቃቸው። ፊልሙ ተብጠለጠለ፤ ቀጣዩ የባትማን ፊልም የመጣውም ከ8 ዓመት በኋላ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይሄን በእንጀራ ያስረዳችኋል፤ የመጀመሪያው ያጠግባል፣ አራተኛው ሆድ ያማል።

ጆከርም በዛ። የሂዝ ሌጀሩ ጆከር (2008) የሚያስፈራው የገንዘብ ክምር በእሳት ስለሚለቅ ነው። በብር የማይገዛን ሰው በምን ታስቆመዋለህ? ከሱ ወዲህ ግን ሌቶ፣ ፊኒክስና ኪዮገን ተፈራርቀውበታል። ይረፍ።

የ2022ቱን ፊልም ልዩ ያደረገው የሪድለር ቂም ነው። ቶማስ ዌይን ለከተማዋ ማደሻ ብሎ ቃል የገባው 1 ቢሊዮን ዶላር እሱ ከሞተ በኋላ ተቆጣጣሪ አጣ፤ ማፍያውም ባለሥልጣኑም ተቃረጠው። ወላጅ አልባው ሪድለር በብርድና በረሃብ ሲያድግ ገንዘቡ የነማንን ኪስ እንደሞላ ደርሶበታል። ጥያቄው ልክ ነበር። መልሱ ግን ግድያና ከተማዋን በጎርፍ ማጥለቅለቅ ሆነ። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ ውኃው ገና አልሸሸም። ከውኃው በታች ያለውን መሬት ማን በርካሽ ይገዛዋል?

የሁለተኛው ክፍል ክፉ እዚህ ጋ ነው ያለው። ስኮት ስናይደርና ግሬግ ካፑሎ በ2011 በኮሚክስ ያመጡት አንድ ቡድን አለ፤ «የጉጉቶች ሸንጎ» ብለን እንተርጉመው። ጎተምን ለዘመናት በድብቅ የዘወሩ ባለጸጋ ቤተሰቦች ናቸው። የጉጉት ጭምብላቸውን አውልቀው፣ ሱፍ ለብሰው፣ ቃል አቀባይና ጠበቃ ይዘው ቢመጡ ባትማን ምን ያደርጋል? ሁሉም ነገር ማኅተም አለው እኮ!

መሪ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ሻይ ቤት ቁጭ ብትሉ ግን ከጎናችሁ ያለው ወሬ «ካሬው ስንት ገባ?» ነው። ደላላ፣ ካርታ፣ ሊዝ፣ ካሳ የሚሉትን ቃላት እዚህ ሰፈር ሕጻናቱም ያውቋቸዋል።

«ፊርማና ወረቀት ፊልም ላይ ያሰለቻል» የሚሉኝ አሉ። «ዘ ፔንግዊን» የተባለውን የ2024 ተከታታይ ይዩ። በ8ቱ ክፍሎች ባትማን ዝር አይልም። ኦዝ ጎርፍ ለመታው ሰፈሩ መብራት እንዲመለስ የሚያደርገው አንድ የምክር ቤት አባል አስፈራርቶ ነው፤ ሰፈሩም ይወደዋል። መብራት ሄዶበት የሚያውቅ ተመልካች ይሄን እያየ አይሰለቸውም።

ነገሩ ለኛም ይጠቅማል። ብስራት ደበበ በ2018 ያሳተመው የኮሚክስ ጀግና ጀምበር፣ በሥራ ፈላጊው ምሩቅ በአማኑኤል ጥላሁን ይጀምራል (እኛው ነን ማለት ነው)። አንድ ቀን ፊልም ሆኖ ክፍል ሁለት ቢሠራለት፣ ከሰማይ የሚወርድ ጭራቅ አያምጡበት። አከራዩ ቤቱን ሊሸጠው ስለሆነ በአንድ ወር ውስጥ ውጣ የተባለ ልጅ ያርጉት። ገዢውም ጨዋ፣ ግብሩን የከፈለ፣ ሰነዱ የተሟላ ሰው ይሁን። ከዚያ ጀምበር ያንን ሁሉ ጉልበት ይዞ ማንን ይመታል?